የልደት ካናቴራ በማን አፍ ይናገራል?

በአሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ እየተለመደ የመጣ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ለትልቅ ሰው፥ ልጅ ላሳደገ ወይም ለማሳደግ ለደረሰ፥ በልደቱ ዕለት ስሙና አንድ የሚያሥቅ ቃል የታተመበት ካናቴራ ማበርከት ነው። ባልንጀሮች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ አንዱ ወደ ማተሚያ ቤት ይላካል፤ ኬክ ይቈረሳል፤ ካናቴራው ይገለጣል፤ ሁሉም ይሥቃል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግስቱም ፎቶግራፉ በየስልኩ ሲዞር ይውላል።

ይህ ነገር ለእሑድ ዓምድ የሚበቃ ቁም ነገር አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን አንድ ስሕተት ሠርተን፥ ስሕተቱም የምናከብረውን ሰው ሲያሳዝን ካየን ወዲህ ኀሳባችንን ለውጠናል። የልደት ካናቴራ ትንሽ ነገር ናት፤ ሆኖም ወጣቱ ሠራተኛ ታላቁን እንዴት እንደሚያይ፥ ታላቁም በወጣቱ ዘንድ ምን ቦታ እንዳለው በግልጽ ታሳያለች።

የእኛ ስሕተት

ነገሩ የሆነው ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝንበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። የክፍላችን ኀላፊ፥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፥ ታኅሣሥ 28 ቀን፥ በገና ዋዜማ፥ 58 ዓመት ይሞላቸው ነበር። እኛ ወጣቶቹ ስድስት ሆነን አዋጣንና አንድ ነጭ ካናቴራ ገዛን። በደረቱም ላይ «አትቀስቅሱኝ፤ ጡረታዬን እየጠበቅሁ ነው» የሚል ቃል፥ ከሥሩም ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ሥዕል አሳተምንበት። ከማተሚያ ቤቱ ስንመለስ በመንገድ ላይ እንኳ ሣቃችን አላቋረጠም።

ጋሼ ካናቴራውን ተቀብለው አነበቡት። ፈገግ አሉ። ስንለምናቸው ከሸሚዛቸው በላይ ደርበው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከዚያ ቀስ ብለው አወለቁት፥ አጠፉት፥ በመሳቢያቸው ውስጥ አኖሩት። ማታ ከቢሮ ስንወጣ ግን ከመካከላችን አንዳችንን ጠሩና «ልጄ፥ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ይህን ለብሼ ወዴት ልሂድ?» ብለው ጠየቁ።

በዚያ ሰዓት መልስ አላገኘንም። በኋላ ግን ነገሩን ተነጋገርንበት። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ለ23 ዓመት ወጣት ጡረታ ማለት የሩቅ አገር ስም ነው። ለ58 ዓመት ሰው፥ ያውም አንድ ልጁ ኮሌጅ፥ ሌላው 10ኛ ክፍል ላለ አባት ግን ጡረታ ማለት ከ2 ዓመት በኋላ የሚያንሰው የወር ገቢ ነው። እኛ የሣቅንበት ነገር እርሳቸው ሌሊት የሚያስቡት ነገር ኖሯል። ከዚህም በላይ ቀልዱ ሐሰት ነበረ። ጋሼ ጧት ከሁላችን ቀድመው የሚገቡ፥ ማታ ከሁላችን ኋላ የሚወጡ ሰው ናቸው። አንቀላፍተው ያየናቸው አንድ ቀን እንኳ የለም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ

የአነጋገር ቀልድና የታተመ ቀልድ አንድ አይደሉም። በቡና ላይ የተወረወረ ቀልድ የጎዳ እንደ ሆነ «ለጨዋታ ነው» ብሎ ማለዘብ ይቻላል፤ የተቀለደበትም ሰው መልሶ ይቀልዳል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። አባቶቻችን «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ለተራው ንግግር ከሆነ፥ በጨርቅ ላይ ለታተመውማ ምን ይባል ይሆን?

ሁለተኛው ልዩነት ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በፖስት ካርድ ላይ የተጻፈ ቃል የላኪው ቃል ነው። በካናቴራ ላይ የተጻፈ ቃል ግን በለባሹ ደረት ላይ ስላለ የለባሹ ቃል ሆኖ ይነበባል። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው «ባልንጀሮቹ እንዲህ ብለውታል» አይልም፤ «ይህ ሰውዬ እንዲህ ይላል» ነው የሚለው። ስለዚህ የልደት ካናቴራ የሚገዛ ሰው ሳያውቀው የሌላውን ሰው አፍ ተውሶ ይናገራል። እኛ ለጋሼ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በዘመናቸው ሁሉ ብለውት የማያውቁትን፥ ወደፊትም የማይሉትን ቃል በአፋቸው አስገባንባቸው።

ከውስጥ ወደ ውጭ

ካናቴራ የሚለው ቃል ወደ እኛ የመጣው ከኢጣልያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ከጀልባ ቀዛፊዎች ስም የተገኘ፥ የውስጥ ልብስ መጠሪያ ነው። ዛሬ ቲሸርት የምንለውም ልብስ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኀይል መርከበኞች ከደንብ ልብሳቸው ሥር ይለብሱት የነበረ የውስጥ ልብስ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ግን ሰዎች ደረቱን እንደ ሰሌዳ ይጽፉበት ጀመር። በ1948 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ቶማስ ዲዊ በስማቸው ላይ የቃላት ጨዋታ የታተመበት ካናቴራ ለደጋፊዎቻቸው ወጥቶ ነበር። ምርጫውን ያሸነፉት ግን ሃሪ ትሩማን ናቸው። የታተመ ቀልድ ሰውን ሊያሥቅ ቢችልም ሊያስመርጥ እንደማይችል ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችንም የታተመ ካናቴራ በብዛት ለብሶ ዐደባባይ መውጣትን ካስለመዱን ነገሮች አንዱ በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። በየዓመቱ በሩጫው ቀን ብዙ ሺህ ሰው አንድ ዐይነት ካናቴራ ለብሶ ሲጎርፍ የከተማው መንገድ መልኩን ይለውጣል። ተማሪዎችም ለምረቃቸው ካናቴራ ያሳትማሉ። በእነዚህ ሁሉ ግን ካናቴራው የሚናገረው «እኛ» ብሎ ነው፤ ሺህ ሰው የለበሰው ቃል አንዱን ሰው ለይቶ አያሳፍርም። የልደቱ ካናቴራ ግን «እኔ» ይላል። ጥንቃቄ የሚያሻውም ስለዚሁ ነው።

የተዋሱት ቀልድ

በማተሚያ ቤቶች ለምርጫ የሚቀርቡት ቃላት አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የተቀዱ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ሰውየውን ከወይን ጠጅ ጋር ያመሳስለዋል፤ ዕድሜ በጨመረ ቍጥር ይጣፍጣል ለማለት ነው። ቀልዱ ወይን በጓዳው ለሚያቈይ አገር ይስማማል። በእኛ ቤት ግን የሚጠመቀው ጠላ ነው፤ ጠላ ደግሞ ሲሰነብት ይኮመጥጣል። የ50 ዓመት ሰው በጠላ ቢመሰል ተሰደበ እንጂ ተመሰገነ አይባልም።

ሌላም ችግር አለ። እንግሊዝኛው ለትንሹም ለትልቁም አንድ «አንተ» ብቻ ነው ያለው። አማርኛ ግን አንተ፥ አንቺ፥ አንቱ፥ እርስዎ እያለ ሰውን በየማዕርጉ ይጠራል። «አረጀህ» የሚለውን ቀልድ ለባልንጀራችን ልናትም እንችላለን፤ ለጋሼ ግን «አረጁ» ብንል ቀልድነቱ ይጠፋል፥ «አረጀህ» ብንል ክብራቸው ይጠፋል። ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ ቃሉ «እኔ» ብሎ ይናገር፤ ያ «እኔ» ደግሞ በእውነት የለባሹ «እኔ» ይሁን።

ቀልድ ከውጭ የምንገዛው ከደኸየን አይደለም። ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ፥ የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታ ዛሬም ድረስ የሚወራበት አገር ነው። ስሞቻችን ራሳቸው ግማሽ ቀልድ ናቸው። ታገሠ የሚባል ሰው 40 ዓመት ሲሞላው «ታገሠ፤ 40 ዓመት ሙሉ» ተብሎ ቢታተምለት ከዚያ ወዲያ ምን ይጨመራል? ይበልጣል ለሚባለው «ይበልጣል፤ ዘንድሮ በ1 ዓመት» ይበቃዋል። አልማዝ ለምትባል እኅት ደግሞ «አልማዝ ሲቈይ አይረክስም» ቢባል ሙገሳም ነው፥ ቀልድም ነው። እዚህም ላይ አንድ ነገር ማጣራት ይገባል፤ ሰውየው በስሙ እየተቀለደበት ያደገና የሰለቸው እንደ ሆነ መተው ይሻላል።

ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ

በካናቴራ ላይ የልደት ዓመት ማተም የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አቈጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚያንስ መርሳት አይገባም። በ1950 ዓ.ም. ለተወለዱ እናት በዋሽንግተን የሚኖሩ ልጆቻቸው «1950» ብለው አሳትመው ቢያለብሷቸው፥ የአገሩ ሰው በራሱ አቈጣጠር ስለሚያነበው በአንድ ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምርባቸዋል። እናት ደግሞ ይህን ሥጦታ በደስታ የሚቀበሉ አይመስለንም። የዓመቱን ቍጥር ማተም ግድ ከሆነ «ዓ.ም.» የሚለውን አብሮ ማተም ነው።

ይኸው አቈጣጠራችን ግን ለቀልድ የሚሆን ሀብትም አለው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትውለው በ4 ዓመት አንድ ጊዜ፥ በዘመነ ሉቃስ ማለቂያ ነው። በጳጉሜን 6 ቀን 1983 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በ2015 ዓ.ም. 32 ዓመት ሞላው፤ የተወለደባት ዕለት ግን የተመለሰችለት 8 ጊዜ ብቻ ነው። «8ኛ ልደቴ ነው፤ የማያምን ጳጉሜን ይጠይቅ» ብሎ ቢለብስ ሐሰት አልተናገረም፤ ማንንም አላስቀየመም።

በሌላ በኩል የተወለዱበትን ቀን በትክክል የማያውቁ ታላላቆች ብዙ ናቸው። በቀድሞው ልማድ በክርስቲያኑ ቤት የሚታሰበው ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን የምትነሣበት ክርስትና ነው፤ የልደቱ ቀን «የሚካኤል ማግስት»፥ ዓመቱም «አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ» እየተባለ በቃል ይነገራል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም.፥ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። በስደት ወደ አሜሪካ ከሄዱት ወገኖቻችንም ቀናቸው ስላልታወቀ በሰነዳቸው ላይ «ጃንዋሪ 1» የተጻፈላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ለታላቅ ሰው ድንገተኛ የልደት በዓል ከማዘጋጀት በፊት፥ ያ ቀን ለእርሱ ቀኑ መሆኑን፥ መከበሩንም መፈለጉን ማወቅ ያሻል።

እትዬና መዝገብ ቤቱ

ይህን ሁሉ ያስተማሩን የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። ማናችንም ፋይል ፈልገን ስናጣና «ጠፍቷል» ስንል የሚመልሱት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አልጠፋም፤ ፈላጊ ጠፍቶ ነው።» ከዚያም ተነሥተው ፋይሉን ከመደርደሪያው መዝዘው ይሰጡናል።

ከጋሼ ልደት በኋላ በነበረው ጥቅምት ለእትዬ አንድ ነገር ለማድረግ አሰብን። በሥራ መዝገባቸው ላይ የልደታቸው ቀን መስከረም 1 ተብሎ ተጽፏል፤ እርሳቸው ግን «እርሱ የጸሓፊው ልደት ይሆናል፤ እናቴ የነገረችኝ በጥቅምት ሚካኤል ማግስት፥ አብዮቱ በፈነዳ ዓመት ነው» ይላሉ። እኛም በጥቅምት 13 ቀን አንድ ካናቴራ አመጣንላቸው። የታተመበትም ቃል «የልደቴ ቀን አልጠፋም፤ ፈላጊ ጠፍቶ ነው» የሚል ነበር።

እትዬ አነበቡና እንባ እስኪወጣቸው ሣቁ። «ይህማ የእኔ ቃል ነው» አሉ። በዚያው ቅዳሜ ገበያ ለብሰውት እንደ ወጡ፥ ሰው ሁሉ እያስቆመ እንደ ጠየቃቸው፥ ታሪኩንም ለሁሉም እንደ ተረኩ ሰኞ ጧት ነገሩን። አስተውሉ፤ ዋጋው ከጋሼ ካናቴራ አይበልጥም፤ ማተሚያ ቤቱም ያው ነው። ልዩነቱ እትዬ የተቀበሉት የራሳቸውን ቃል መሆኑ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት

ቃሉ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው የእጅ ሥራ ነው፤ ይህም ቢሆን ካልተጠነቀቁለት ቀልዱን ያበላሸዋል። ስክሪን ፕሪንት ለየቀለሙ የተለየ ወንፊት ስለሚዘጋጅለት ለብዙ ካናቴራ እንጂ ለአንድ አያዋጣም። ለአንድ ካናቴራ የሚስማማው በሙቀት መጫኛ መኪና የሚታተመው ነው። ከዚህም ውስጥ ሰብሊሜሽን የሚባለው ቀለም የሚይዘው ፖሊስተር ጨርቅን ነው፤ በጥጥ ላይ አይጸናም። ለጥጥ የሚሆነው በፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት የሚጣበቀው ነው። ጨርቁን ሳይጠይቁ ማዘዝ ከሁለትና ሦስት እጥበት በኋላ ቀልዱ ግማሽ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ነው። ሲታጠብም ገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ፥ ሲተኮስም ጽሑፉን ሳይነኩ መሆን አለበት።

ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉን በሥዕል መልክ አድርጎ መስጠት፥ ከመታተሙም በፊት በዐይን አይቶ ፊደል በፊደል ማንበብ ይገባል። አንድ ፊደል ብትዛነፍ ሙገሳው ስድብ ይሆናል።

ልኩም ራሱ የሚናገረው አለው። ቦርጭ ላለው ሰው ሚዲየም ማምጣት ጭካኔ ነው፤ ለቀጭኑ ሰው ድርብ ኤክስ ላርጅ ማምጣትም ያስቃል፥ ግን ባላሰብነው መንገድ። የቤት እመቤቱን ወይም ልጁን በቀስታ መጠየቅ ይህን ሁሉ ያቀላል።

ሁለት ቃል

የእትዬን ደስታ ካየን በኋላ የጋሼ ነገር ይበልጥ ይከነክነን ጀመር። የሚቀጥለው ታኅሣሥ ሲደርስ ተሰብስበን ወደ ቢሮአቸው ገባን። «ጋሼ፥ ያምናው ቀልድ ጥፋታችን ነው፤ ይቅር ይበሉን። ዘንድሮ ምን እንደሚጻፍ እርስዎ ይንገሩን» አልናቸው። ጋሼ ብዙ ዝም አሉ። በኋላም ከጠረጴዛቸው ላይ ቍራጭ ወረቀት አንሥተው ሁለት ቃል ጽፈው ሰጡን፤ «ገና ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባንም። ከበሩ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ግን እርስ በርሳችን ተያየን። ሰሙ «የገና ሰሞን ልጅ ነኝ» ነው፤ ወርቁ «አልጨረስሁም» ነው። እኛ ስድስት ምሩቃን አዋጥተን ያላገኘነውን ጋሼ በሁለት ቃል አገኙት። ካናቴራውን በ59ኛው ልደታቸው ለበሱት፤ በዚህ ጊዜ የለመናቸው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ለእኩዮቻችን፥ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ለገባን ወጣቶች የምንለው ይህንን ነው። ለታላቅ ሰው የልደት ካናቴራ ለማሳተም የምታስቡ ከሆነ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሮጥ በፊት ያ ሰው በራሱ ላይ እንዴት እንደሚቀልድ ለጥቂት ሳምንት ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ። ራሱ የማይሥቅበትን ነገር አትጻፉበት። ሰምታችሁ ያጣችሁ እንደ ሆነም ጠይቁት። በራሱ የማይቀልድ ሰው ከሆነ ደግሞ ያልተጻፈበት ጥሩ የጥጥ ሸሚዝ ስጡት፤ ሸሚዙን ለብሶ ወዴት እንደሚሄድ አይቸገርም።